የእሁዱ ሾርባ

ወይዘሮ ሄንድሪካን የሚያማቸው እሁድ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ድንቹም፣ ዓሣውም፣ የአጃው ገንፎም ያለ ችግር ያልፋል። እሁድ ከምሳ በኋላ ግን መጀመሪያ ሆዳቸው ይነፋል፤ ቀጥሎ ቁርጠቱ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ነው።

እሁድ ምሳ የሚበሉት ልጃቸው ባስቲያን ቤት ነው። የምታበስለው ሚስቱ ሊስቤት ናት።

ሊስቤትን ገና ከመጀመሪያው አልወደዷትም። የከተማ ልጅ ናት። እሁድ ልብስ አጥባ በአደባባይ አስጥታ ታውቃለች። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሷ ሾርባ ልጣድ ብላ ትቀራለች።

"ወይ እሷ ከዚህ ቤት ትወጣለች፣ ወይ እኔ በሬሳ ሣጥን እወጣለሁ" አሉት ልጃቸውን።

"ሚስቱን የፈታ ሰው እዚህ መንደር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፣ እማዬ። ከጌታ እራት ይታገዳል።"

"አንተ ለምን ትፈታታለህ? እሷው ጥላህ ትሂድ። ያኔ ማን ይወቅስሃል?"

ባስቲያን ባዶውን ሲኒ አነሳ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ስለ ሚስቱ ክፉ ሲናገር የሰማው የለም።

እሁድ ጠዋት እናትና ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ስብከቱ እንደ ወጉ ሦስት ክፍል አለው። ሰባኪው አንዱን ክፍል በጀመረ ቁጥር ምእመኑ ኪሱን ይዳብሳል፤ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ሁሉም የሚንት ከረሜላውን አፉ ውስጥ ይጥላል። ባስቲያን የራሱን ከቀኝ ኪሱ፣ የእናቱን ከግራ ኪሱ ያወጣል። ስኳራቸው ከፍ ብሏል ከተባለ ወዲህ ለእሳቸው ስኳር የሌለበትን ለብቻ ይገዛላቸዋል። ሲሰጣቸውም ሁለት ሁለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል፣ ይላሉ በልባቸው።

ሐኪም ቤት የወሰዳቸውም እሱ ነው። ደም ተመረመረ፤ ሰገራ ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘም።

"ስንዴ የማይስማማው ሰው አለ" አላቸው ሐኪሙ። "ወተት የማይስማማው አለ። የሐሞት ጠጠርም፣ ስኳር የሌለው ከረሜላም ሲበዛ፣ ጭንቀትም ሆድ ያውካል። እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ምን ይቀምሳሉ?"

"ጥቁር ቡና። ከዚያ የእሷን ሾርባ።"

"ሌላ አፍዎ የሚገባ ነገር የለም?"

"ምንም። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እሷ ማዕድ ነው።"

ባስቲያን አጠገባቸው ባርኔጣውን እያሽከረከረ ወለሉን ያይ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ሊስቤት ሾርባውን ቀድታ ሳትጨርስ ወይዘሮ ሄንድሪካ ሳህናቸውን ገፉት።

"ያንቺን ስጪኝ። የእኔን አንቺ ብዪው።"

ሊስቤት ጭልፋውን አስቀመጠች። "በገዛ ቤቴ?"

"በልጄ ቤት።"

የራሷን ሳህን ፊታቸው አኖረችላቸው፤ የእሳቸውን ስባ ከነሥጋው ሙልጭ አድርጋ በላች። "እስከ ማታ ካልሞትኩ ይቅርታ ይጠይቁኛል፣ እማማ።"

አልሞተችም። ወይዘሮ ሄንድሪካ ግን ሳህኑ ሳይነሳ ሆዳቸውን ይዘው ሮጡ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"እንደምቀይር አውቀሽ መርዙን በራስሽ ሳህን ነው ያደረግሽው።"

"ለእርስዎ ብዬ ሾርባ አላበላሽም። ሥጋው ውድ ነው።"

"ባስቲያን፣ ሰማሃት?"

"ሰማሁ፣ እማዬ።"

"አንተስ?" አለችው ሊስቤት። "አንተስ ምንም አትልም?"

ባስቲያን ዳቦውን ቆረሰ። "እማዬ በከንቱ አትታመምም" አለ ቀስ ብሎ።

ሊስቤት ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለችው።

በሳምንቱ ውስጥ በአውቶቡስ ወደ እናቷ ሄደች። ሻንጣዋን እስከ ፌርማታው የተሸከመላት ባስቲያን ነው፤ መንደሩ በየመስኮቱ አየው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ አይዞህ አሉት፤ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እሁድ ወይዘሮ ሄንድሪካ አግዳሚያቸው ላይ ደልደል ብለው ተቀመጡ። ምሳውን ራሳቸው ሠርተው አሳድረዋል። ከእንግዲህ ማንም አይመርዛቸውም። ሰባኪው "አንደኛ" ሲል ወረቀቱ በየወንበሩ ተንኮሻኮሸ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ከዛሬ ጀምሮ ከእኔው ትወስጃለሽ፣ እማዬ" አለ ባስቲያን በሹክሹክታ፤ እጁንም ወደ ቀኝ ኪሱ ሰደደ።