ቦስቲያን ፖርቱጋላዊ አይደለም

«እስቲ ቀዩን የፖርቱጋል ፓስፖርት ያምጡታ፣ አቶ ቦስቲያን» ይለኛል መርማሪው ኬርካር፣ የዝናብ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ።

በረንዳዬ አንድ ክፍለ ጦር ያስተኛል። ዛሬ ግን ለስድስት ሰው ጠቧል። ኬርካር ከመንግሥት ቢሮ ሳይጠራ የመጣ ነው። ሩዛርና ሚስቱ ሳንታና ደግሞ ልጃቸውን ዊልሮይን ይዘው ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። ልጄ ሎርዲና የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ቆማለች።

«የምን ፓስፖርት?» እላለሁ።

ኬርካር ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ያነባል። «በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዕለት፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ አስራ አንድ ምስክር ባለበት፦ አባቴ በፖርቱጋል ዘመን የተወለደ፣ ስሜ ሊዝበን መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ ዛሬ ብፈልግ ነገ አውሮፓ ነኝ። ብለዋል፣ አላሉም?»

አስራ አንድ? የዚያን ዕለት የሰማኝ ሰው ከመቶ አያንስም። የከሰሰኝ ሰው ቁጥር እንኳ አያውቅም ማለት ነው፤ እንግዲያው ሚንጌል ነው። በመንደሩ ምክር ቤት ያለኝን ወንበር ሲመኝ ሰባት ዓመቱ። ደግሞ ሩዛርን አየዋለሁ። ብርጭቆውን በጣቱ እያሽከረከረ፣ ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም። ፓስፖርቱን ሳያይ ልጁን ላለመዳር ብሎ ይህን ሰውዬ ራሱ ልኮብኝ ቢሆንስ? ከዓመቱ ቀን ሁሉ ዛሬ፣ ከቀኑም ሰዓት ሁሉ አሁን?

ፖርቱጋል እዚህ ስትገዛ የተወለደ ሰው፣ ልጁም ጭምር፣ ፓስፖርቷን ያገኛል፤ ሕንድ ግን ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። አለኝ ካልሁ ወንበሬም ድምፄም ይሄዳል። የለኝም ካልሁ የልጄ ትዳር ይሄዳል። ከቦምቤይ እስከ ኮቺን እንደ ሎርዲና ያለች ቆንጆ የለችም፤ ቢሆንም ዊልሮይ የመጣው ለቁንጅናዋ ብቻ አይደለም። በእኔ በኩል እሷ፣ በእሷ በኩል እሱ ፖርቱጋላዊ ይሆኑና እንግሊዝ ለአውሮፓ ዜጎች በሯን ሳትዘጋ ሊገቡ ነው። ሎርዲና ደግሞ፣ እኔ ምኑ እንደሚታያት ባላውቅም፣ ትወደዋለች።

እውነቱን የምናውቀው እኔና ምስጡ ነን። ለማስረጃ መዝገብ ቤት ሃምሳ ጊዜ ተመላልሻለሁ። የአባቴ ልደት የተጻፈበትን ገጽ ምስጥ ከዳር እስከ ዳር በልቶታል። ሌላ ወረቀት አልተገኘም። ሊዝበን ቦስቲያን የሚባል ሰው መፈጠሩን አታውቅም።

«እስቲ ጓሮ ዞር ብለን እንነጋገር» እለዋለሁ ኬርካርን።

«በሰው ፊት ያወሩትን በሰው ፊት ይካዱ።» ብዕር ያቀብለኛል። «እዚህ ጋ ይፈርማሉ። ውሸት ሆኖ ከተገኘ እስር አለበት። ካለዎት ግን ያምጡትና ሁላችንም እንገላገል።»

«ካለውማ ምን ያስፈራዋል?» ይላል ሩዛር። «ያለው ሰው ያሳያል።»

«አንተ ደግሞ ዝም በል» ትለዋለች ሳንታና፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

ለማሳየት የሌለኝን ምን ላሳይ? ወንበሬን ለመስዋዕትነት ባቀርብ እንኳ የምሰዋለት ፓስፖርት የለም። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። የእግሬን ጣቶች አያለሁ።

«የለኝም» እላለሁ። «ኖሮኝም አያውቅም። ሊገኝም አልቻለም።»

እፈርማለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያጠረ ንግግር አድርጌ አላውቅም።

ኬርካር ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያነሳና ይስቃል። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። እዚህ መንደር የለኝም ያለኝ ሰው ሁሉ ሻንጣው ተዘጋጅቶ ነው የተገኘው። እንከታተልዎታለን፣ አቶ ቦስቲያን።» ካፖርቱን ቆልፎ በጭቃው ውስጥ ይሄዳል።

አሁን እንግዶቼ ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ እጠብቃለሁ። የኬርካር ሞተር ብስክሌት ድምፅ ሲርቅ ሩዛር ጭኑን በጥፊ መትቶ ይፈነዳል።

«አንተ ቀበሮ! እኔን እንኳ ልታሳምነኝ ምንም አልቀረህ። ኖሮኝም አያውቅም ይላል እኮ!»

«እውነቴን ነው፣ ሩዛር።»

«ይኸው ደገመው!» ዓይኑን ይጠቅሰኛል። «በል በቃ፣ ሰውዬው ሄዷል።»

«የመዝገቡን ገጽ ምስጥ በልቶታል ነው የምልህ።»

«ምስጥ!» ሳንታና የሳቅ እንባዋን በልብሷ ጫፍ ታብሳለች። «ምስጧን ከየት አመጣሃት በል? ዊልሮይ፣ ከአማትህ ተማር፤ ለመንግሥት እንዲህ ነው የሚመለሰው። ሠርጉ ከገና ጾም በፊት ይሁን፣ ምን ያስጠብቀናል።»

ዊልሮይ ተነስቶ እጄን ይስማል። ሃምሳ ዓመት ውሸቴን ያመነኝ መንደር፣ እውነት ባወራሁባት በአንዷ ቀን ምስክር ሆኖ ቁጭ ብሎ አላመነኝም።

ሎርዲና ብቻ አትስቅም። እኔ የምዋሸው የሰው ዓይን ዓይን እያየሁ ነው። ከዛሬ በፊት መሬት መሬት እያየሁ ስናገር እሷ ያየችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እናቷ ከሆስፒታል እንደማትመለስ የነገርኋት ዕለት።

«በሉ እንግዲህ፣ መንገዱን ጎርፍ ሳይዘጋው» ይላል ሩዛር ሊነሳ እየቃጣ።

«የት ነው የምትሄዱት?» ከሎርዲና ጋር ብቻዬን እንዳልቀር፣ ከካሹ ፍሬ የወጣውን አረቄ ጠርሙስ አነሳለሁ። ሰው ቤቴ እንዲቆይ ለምኜ አላውቅም፤ ሰው ነው እንጂ እኔን የሚለምነው። «አንድ ብርጭቆ ብቻ። አሳ ነባሪውን በባዶ እጄ የጎተትሁበትን ታሪክ መቼ ነገርኋችሁ? ተቀመጪ፣ እትዬ ሳንታና። ዊልሮይ፣ ተቀመጥ ልጄ።»

ሎርዲና ወደ ውስጥ ትገባለች። ስትወጣ የሦስቱንም እንግዶች ጃንጥላ ታቅፋለች። ለሩዛር የሩዛርን፣ ለሳንታና የሳንታናን፣ ለዊልሮይ የዊልሮይን በየእጃቸው ታስይዛለች። ከዚያ በረንዳው ደረጃ ላይ፣ ከእኔ ፊት ለፊት ቆማ እስኪሄዱ ትጠብቃለች።