የጀልባዋ ሻጋታ

ባቦጋያ ሐይቅ ዳር የታሰረችው አሮጌ የሸራ ጀልባ ውስጧ እንደ ሰነበተ ዳቦ ሻግቷል። ልጅየው ግድግዳዋን በአቼቶ እየፈተገ፣ ኡሁ ኡሁ እያለ ይስላል። እሱ በሳለ ቁጥር፣ አብራው የገባችው እናቱ ፊቷን ትቋጥራለች፤ ሻጋታው የእሷ ሥራ ነዋ። ጀልባዋን ከገዛባት ቀን ጀምሮ ሬሳው ከውሃ ሲወጣ ነው የሚታያት። ስለዚህ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሻግታ ተስፋ ታስቆርጠው ብላ የፊተኛውን የአየር ቀዳዳ በአሮጌ ቀሚሷ ቁራጭ ወትፋው ነበር። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ቅዳሜ ብቻውን ሐይቁን ሊያቋርጥባት ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፊትሽን ፍቺው እንጂ! ገና ሳይሄድ ልታለቅሽለት ነው?» አለ ባሏ ዳር ቆሞ እየሳቀ። ልጁን ዋና ያስተማረውም፣ ጀልባዋን ግዛ ያለውም እሱ ነው።

ልጅየው የባልዲውን ውሃ ሊደፋ ሲወጣ፣ የቀሚሷን ቁራጭ ከቀዳዳው መንጭቃ ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ተመስገን፣ ሳያይ ወጣላት።

ተመልሶ ወደ ኋለኛው ጥግ ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ ጉድ እዪ! ይኼኛው ቀዳዳ ተወትፏል። ለካ አየር አጥታ ነው የሻገተችው! ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው?»

ደንግጣ ጉያዋን ዳበሰች። ቁራጩ እዚያው አለ። የኋለኛውን ቀዳዳ እሷ ነክታው አታውቅም።

ከዳር የሚሰማው ሳቅ ተቋረጠ።

ልጅየው ስቦ ያወጣውን ጨርቅ ዘርግቶ አሳያት። ክረምቱን ሙሉ ስትፈልገው የከረመችው የባሏ ፒጃማ እጅጌ ነበር።