ከማስታወቂያው በኋላ

«እንዳትነካው!»

ሃርላን ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ የዘረጋውን እጅ ይሰበስባል። የባሌ የዌንደል ወንድም ነው። የእሱን የፊልም ካሴቶች ለቤተ ክርስቲያኑ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ሊወስድ፣ በቅዳሜ ጠዋት ባዶ ካርቶኖች ተሸክሞ መጥቷል።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የዌንደል ፎቶግራፍ ሥር፣ ስክሪኑ ላይ፣ ሃያ ዓመት የፈለገው ፊልም ርዕስ ይታያል። ድምፅ አልባው ፊልም አፍ በፈታ ሰሞን፣ ሳንሱር ሆሊውድን ሳይቆጣጠር የተሠራ ነው። በኋላ የሳንሱሩ መቀስ ደረሰበትና ከመጨረሻው ሦስት ደቂቃ ተቆርጦ ወጣ። ዌንደል ሙሉው ቅጂ አንድ ቦታ አለ እያለ ለየቴሌቪዥን ጣቢያው ደብዳቤ ሲጽፍ ኖረ። ዛሬ አቅራቢው «ሳይቆረጥ የተገኘ» ብሎ በቢላዋ ማስታወቂያና በአየር ትንበያ መካከል ጣል አደረገው። ዌንደል ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። ስምንት ወር! ምን ነበረበት ቢቆይ?

ባዶ ካሴት ከትቼ መቅረጽ እጀምራለሁ። የዚህ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ ማስታወቂያ አይቀረጽም። ማስታወቂያ ሲገባ ቀረጻውን መግታት፣ ፊልሙ ሲመለስ መልቀቅ። ዌንደል አውራ ጣቱን ከሪሞቱ ላይ ሳያነሳ ነበር የሚያየው።

ሃርላን ካርቶን ሲሞላ፣ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ጣቴን ከሪሞቱ አላነሳም። የመጨረሻው ማስታወቂያ ይገባል። እገታለሁ።

«ቨርና፣ ለማን ብለሽ ነው? ሰውየው እኮ የለም። በቁሙም ቢሆን የዚህ ኮተት ሞግዚት አድርጎሽ ነበር።»

«ኮተት?»

«ታዲያ ምን ልበለው? ደረቴን ወጋኝ እያለ ፊልም ሳይጨርስ ሐኪም ቤት አልሄድም የሚል ሰው!»

«አንተ ሂድ ብለኸዋል? አንድ ቀን ደውለህ ታውቃለህ?»

«አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ጎትተሽ አትወስጂውም ነበር?»

ዞሬ አፈጥበታለሁ። ይህን ጥያቄ ከእሱ በፊት ስንት ሌሊት ራሴን ጠይቄዋለሁ።

ከኋላዬ ሴት ትጮኻለች።

ፊልሙ ተመልሷል። ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ከባሏ ቀብር መግባቷ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ምስሉ ፊት ቆማለች። «ሁሉንም እኔ ላይ ጥለህ!» ትለዋለች። «ሁሉንም!» ጫማዋን ታወልቅና ፊቱ ላይ ትወረውራለች። መስታወቱ ይረግፋል። አታለቅስም። የሚገሥጻት ቄስ፣ የሚቀጣት ሰው አይመጣም። ስብርባሪው መሃል ቁጭ ብላ ሲጋራ ታቀጣጥላለች። ትንሽ ቆይቶ «ተፈጸመ» የሚለው ጽሑፍ ይመጣል።

የቪዲዮ ዴኩን መብራት አያለሁ። ብልጭ ድርግም ይላል። ቀረጻው እንደ ተገታ ነው።

«ምነው?» ይላል ሃርላን።

«አልገባም። መጨረሻው ካሴቱ ላይ አልገባም።»

ካርቶኑን ያስቀምጣል። ድምፁ ይለዝባል። «ምን ነበር?»

«አንዲት ሴት ጫማ ትወረውራለች።»

«ይኸው ነው? ሃያ ዓመት ለዚህ?»

«ይኸው ነው።»

ሃርላን እጄን ነው የሚያየው። እኔም ዝቅ ብዬ አያለሁ፤ የቀኝ እግሬ ነጠላ ጫማ እጄ ውስጥ ነው።