ቱርቦ ወይስ ተርቦ

መኪና በነዳጅ መሄዱ ቀርቶ በባለቤቱ ምላስ መሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር አንድ ጣዕም ይወስድብሃል። አምና ለቀይዋ የውድድር መኪናዬ ማፍጠኛ ሳስገጥምላት ጣፋጭ ከምላሴ ጠፋ። ምን ቸገረኝ? እንደ ጥይት እበር ነበር!

ዛሬ ደግሞ መካኒኩ መኳንንት፣ "ቱርቦ ቢገባላት ማንም አይቀድምህም። የሚሄድብህ ጨውና በርበሬ ብቻ ነው" አለኝ።

"ብቻ" ይላል እንዴ!

መወሰን ቢያቅተኝ ባለቤቴን ትርሲትን እንዲያማክርልኝ ስልኬን ሰጠሁት።

"እትዬ ትርሲት፣ ባለቤትዎ ቱርቦ ነው ያማረው" አላት።

"ተርቦ ነው? ታዲያ ምን ያስቀምጠዋል፣ ይምጣ! ቋንጣ ፍርፍር በሚጥሚጣ ሠርቼለታለሁ።"

አፌ ምራቅ ሞላ። "ቱርቦው ይቅርብኝ" አልኩት መኳንንትን። "ያምናውንም ማፍጠኛ ንቀልና ጣፋጬን መልስልኝ።"

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ባጃጅ ቀደመኝ። ሾፌሩ እጁን እያውለበለበ አለፈ፤ እኔም ሳቄ መጣ።

ከምሳ በኋላ ትርሲት ሻይ ቀዳችልኝ። አንዴ ፉት አልኩና ጮህኩ፦ "ምነው፣ ስኳር የለውም እንዴ?"

በራዱን እንደያዘች ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደግሞ ትስቃለች።

"ስኳር ማድረግ ከተውኩማ ዓመቴ!" አለችኝ። "እንኳን ደህና መጣህ!"