የመጀመሪያዋ ጥይት

ባዶዎቹ ቀለሃዎች በቱቦው ሲወርዱ እየተገለበጡ የማሽኑ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራሉ። ከወፍጮ ቤት አፍነው ያመጡት መካኒክ ላቡን በክንዱ እየጠረገ አጎንብሶ ያያል። ሻለቃ መንበሩ ከኋላው ስለቆመ ትንፋሹ ማጅራቱን ይነካዋል። ቀለሃውን መልሶ ጥይት የሚያደርገው ይህ ማሽን ካልተጠገነ ምን እንደሚከተል የነገረው የለም፤ መንገርም አላስፈለገም።

የመካኒኩን ወንድም የገደሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሟቹ የእሱ ወንድም መሆኑን ግን አላወቁም።

"እህ? ምን ሆኖ ነው?" አለ ሻለቃው።

"የቱቦው ጫፍ ሰፍቶ ነው ጌታዬ። ቀለሃው ቦታ ሲያገኝ ይገለበጣል።"

ከሰርዲን ቆርቆሮ ቁራጭ ቆርጦ ሸጎጠበት። እዚህም እዚያም ብሎን ነካካ። መዘውሩን ሲያዞረው ቀለሃዎቹ ቀጥ ብለው ወረዱ፤ ጥይቶቹም አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። እፎይ ማለት ሲገባው ከማሽኑ ፈቀቅ አለ።

የሻለቃው እናት ጠላ ይዘው መጡ። እንደ ደንቡ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ቀዱለት።

"ጠጣ ልጄ፣ አሁንማ ምን ያስፈራሃል?"

ሻለቃው ሳቀ። ከአዲሶቹ ጥይቶች አንዷን አጉርሶ ጠመንጃውን ዘረጋለት።

"እማዬን አየሃት? እኛ ቤት መጀመሪያ የሚቀምሰው የቀዳው ነው። በል ተኩስ።"

መካኒኩ ጠላውን አስቀምጦ ጠመንጃውን ተቀበለ። ብሎኖቹን ሲነካካ፣ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ እንዲፈነዳ የባሩዱን ልክ እጥፍ አድርጎት ነበር።