የድርጲሽ ትርጉም

የሆሳዕና ከተማ ሕዝብ ሆይ፣ በታላቅ ሐዘን ይነገርሃል፦ የፊታውራሪ ኃይለመለኮት ባርኔጣ ዛሬ ረፋዱ ላይ መናኸሪያው ውስጥ ከአውቶቡስ ጣሪያ የወደቀ የስንዴ ጆንያ ተጭኖት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። በሰዓቱ ውስጡ ራስ አልነበረበትም። ፊታውራሪው ሙቀት ሲበዛባቸው አውልቀው ወንበር ላይ አስቀምጠውት ነበር።

ባፈና የተባለው ጫኝ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ በሆዱ የተዘረጋው ለዚህ ነው። ሃምሳ አለቃ ብሩ አለንጋውን ውሃ ውስጥ እየነከረ ያሳርፍበታል። ፊታውራሪው ከጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጆንያው ከመውደቁ በፊት ከሥር አንድ ሰው «ድርጲሽ» ማለቱን በጆሯቸው ሰምተዋል። የአድማ ምልክት ነው ባይ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ባርኔጣው ውስጥ ቢሆንስ ኖሮ?

ቃሉ የጫኞች ነው። ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ጉራጌው በየቋንቋው እየጮኸ ሳይግባባ ቀርቶ አንድ ባልደረባቸው ሸክም ሥር ከቀረ በኋላ፣ የማንም ያልሆነ ቋንቋ ለራሳቸው አበጁ። ድርጲሽ ማለት «ክብደቱ እኔ ላይ ነው፣ አንተ ልቀቅ» ማለት ነው። ዛሬ ባፈና ጆንያውን ከጣሪያው የለቀቀው ተገኘ የሚባለው ባልደረባው ከሥር «ድርጲሽ» ስላለው ነው። ተገኘ ግን አልያዘውም። ወባው ጉልበቱን በልቶታል። ባፈና ቃሉን ከፈታ ጥፋቱ ተገኘ ላይ ይወድቃል፤ ተገኘ ደግሞ የዚህን አለንጋ ሦስት ግርፋት ችሎ አይነሳም።

ስለዚህ ባፈና ይዋሻል። መጀመሪያ ሙዱላ ውስጥ ያለ ወንዝ ስም ነው አለ። ቆዳው ሲሰነጠቅ የአክስቱ ውሻ ስም አደረገው። ፊታውራሪው ደብር ያደጉ ናቸውና ሁለቱንም አልተቀበሉም፤ የቃሉ ሥር ግዕዝ ነው ብለው ድርቅ አሉ። ብሩ ስለ ሥሩ አስተያየት የለውም። እሱ የሚሠራው የባፈና ጀርባ ላይ ነው።

«ሀዲይኛ ነው?» ይላሉ ፊታውራሪው።

«አይደለም ጌታዬ።»

«ከምባትኛ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

«ከሰማይ እንኳ አይደለም ጌታዬ፣ ከአውቶቡስ ጣሪያ ነው።»

ብሩ በጫማው አፉን ይለዋል። ባፈና ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ይተፋና ጉንጩን አፈሩ ላይ መልሶ ያሳርፋል።

የግቢው በር ይንቋቋል። ተገኘ ቡሉኮውን ተከናንቦ፣ እየተንቀጠቀጠ ይገባል። የጠራው የለም። ቡሉኮውን ጥሎ ከባፈና አጠገብ በሆዱ ይተኛል። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

«ድርጲሽ» ይለዋል፣ በቀስታ።

የብሩ እጅ አየር ላይ ይቀራል። ፊታውራሪው ከበርጩማው ይነሳሉ። ይኸው ቃሉ፤ ምን አለህ፣ ይሉታል ባፈናን፤ ንገረኝና ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ባፈና ተንፏቆ፣ በደም የራሰ ክንዱን የተገኘ ጀርባ ላይ ይዘረጋል።

«አልናገርም።»