መርዶው ሳይመጣ

«አሁንም ከጉሮሮሽ ነው» ይላታል ጋሽ ማዕረግ። «ዝቅ አድርጊው። ከእምብርትሽ በታች።»

ሙጂባ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። «ከእምብርቴ በታችማ ትናንት የበላሁት ሽሮ ነው ያለው» ትላለች፤ በሹክሹክታ። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማን ለቆ ከሄደ ወዲህ ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ የላትም። ደሴ ሐኪም ቤት ጉሮሮዋን በመብራት አይተው «ምንም የለባትም» ብለው መለሷት። ምላሷማ ምን ይሆናል፣ እሱ ደህና ነው።

የጋሽ ማዕረግ ግቢ ከሐይቁ ዳር ነው። ረፋድ ሆኖም ጉሙ አልተነሣም፤ ውኃው አይታይም፣ ይሰማል ብቻ።

«ጋሼ፣ ቴአትሩን ትተው ጠንቋይ ሆኑ ይላል እኮ ሰፈሩ።»

«ጠንቋይ እንኳ ዶሮ ይመጣለታል» ብሎ ይስቃል። ከዚያ ሳቁ ይቀራል። «ለውጥ መጣ ተብሎ አዳራሹ ሁሉ ጢም ይል በነበረ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ተዋንያንን ድምፅ አስተምር ነበር። አንዷ ተማሪዬ መድረክ ላይ ለባሏ ታለቅሳለች፤ ጽሑፉ እንደዚያ ይላል። አንድ እሁድ እኔ ያላስተማርኳት ድምፅ ከውስጧ ወጣ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። መጋረጃው ሲዘጋ ስልክ ተደወለ። እህቷ በዚያችው ሰዓት ሞታ ኖሯል።»

«አዑዙ ቢላህ!»

«ከዚያ ወዲያ ጉሮሮ ማስተማር አስጠላኝ። ሥነ ልቦና ገባሁ፣ ያውም ጥልቁን። ሰው ውስጥ እሱ ራሱ ያልሰማውን የሚሰማ ጓዳ አለ፣ ሙጂባ። እኔ አሁን በሩን ነው የማንኳኳው።»

የሙጂባ ወንድም ሐቢብ፣ ጦርነቱ ውጫሌ ሲደርስ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወደ አምባሰል ተራራ ወጣ። ልጆቹ ተመለሱ፣ እሱ አልተመለሰም። እናቷ ረቢያ ቤቱን በሙሉ አስጠንቅቃለች፤ «መርዶ ሳይመጣ ያለቀሰ ሰው ልጄን በእጁ ገደለው!» ሙጂባም አላለቀሰችም። ዋጠችው፤ ድምፁም አብሮ ወረደ።

«ተንፍሺ» ይላታል ጋሽ ማዕረግ። «አትዝፈኚ፣ አታልቅሺ። ዝም ብለሽ ልቀቂው።»

ትተነፍሳለች። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ የሆነ ነገር ከታች ይነሣል። እሷ አላወጣችውም፤ መጣ። ወፍራም ነው፣ ያረጀ ነው፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድምፅ አይደለም። ከምንጣፉ ሥር መሬቱ ይነዝራል። ጉሙ ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ባንዴ ጸጥ ይላሉ። «ወላሂ እኔ አይደለሁም!» ልትል ትፈልጋለች፣ አፏ ግን ተይዟል፤ ድምፁ እየተጠቀመበት ነው።

ጋሽ ማዕረግ ወደ ኋላ ሸሽቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ፊቱ አመድ መስሏል።

የግቢው በር ይበረገዳል። ጎረቤቷ እትዬ ስህን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይገባሉ፤ ተከትለዋቸው የሰፈሩ ሸህ እንድሪስ፣ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ። የለቅሶ ጩኸት የሰማ ጎረቤት ቆሞ አይጠይቅም፤ ይመጣል።

«እኔን ይድፋኝ! እኔን የኔ ልጅ!» ይላሉ እትዬ ስህን ደረታቸውን እየደቁ።

«ትምህርት ነው!» ይላል ጋሽ ማዕረግ። «የድምፅ ልምምድ ነው፣ ኧረ ማንም አልሞተም!»

ሸህ እንድሪስ ቀና ብለውም አያዩት። ወደ ጎረቤቱ ዞረው ይቆጣሉ። «ማነው ያረዳት? ረመዳን ይውጣና እናትየውንም እሷንም አብረን እናረዳለን ብለን አልነበር? ሐቢብን በእጄ ቀብሬ እኔ ይኸው ችዬ የለ! ማን አልቻለም?»

ማንም «እኔ ነኝ» አይልም። አንዱ ሌላውን ያያል። እትዬ ስህን ደረታቸው ላይ ያነሡት እጅ እንደተነሣ ይቀራል።

በመጨረሻ የምትገባው ረቢያ ናት። በሩ ላይ ሆና ሸሁን ሰምታለች። አትጠይቅም፣ አትወድቅም። ሰዉ ግራና ቀኝ ይከፈልላታል። ምንጣፉ ዘንድ ትንበረከክና መዳፏን በልጇ አፍ ላይ ትጭናለች።

«ዝም በይ፣ ሙጂዬ። ተይ። ዝም በይ።»

ሙጂባ ዝም ትላለች። ከንፈሯ ከእናቷ መዳፍ ሥር ግጥም ብሏል፤ ጉሮሮዋ ባዶ ነው፣ ታውቀዋለች።

ድምፁ ግን አልቆመም።

ሰዉ ወደ ሐይቁ ይዞራል፤ ጉም ብቻ ነው። ሙጂባ ቀስ ብላ ቀና ትልና ጆሮዋን እናቷ ደረት ላይ ትለጥፋለች። ድምፁ እዚያ ነው ያለው። የረቢያ ከንፈሮች እንደተገጣጠሙ ናቸው።